የሰውዬው ጊታር

ባለፈው ሳምንት የጃኬቴ ዚፕ ተበላሽቶ አጠና ተራ አካባቢ አንዲት ጠባብ የልብስ ሰፊ ቤት ገብቼ ቆሜ ነበር። ልብስ ሰፊው አፏ በቀጠነ ጣሳ የስፌት መኪናውን ሆድ ዘይት እያጠጣ ነው። ያ ቀለል ያለ፣ ትንሽ ጣፈጥ የሚል፣ ብረት ብረት የሚሸት የዘይት ሽታ አፍንጫዬ እንደደረሰ የግራ ጉልበቴ ብቻውን ወደ ጎን ተገፋና ባንኮኒውን ገጨው። ልብስ ሰፊው ቀና ብሎ አየኝ።

"ምነው እህቴ?"

"ምንም" አልኩት። ምን ልበለው? ሽታው የገባው በአፍንጫዬ ነው፤ ያስታወሰው ግን ጉልበቴ ነው። ጉልበቴ ደግሞ ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ዛሬም ይናደዳል።

ፔዳል ስቲል ጊታር የሚባለውን ነገር አይተህ ታውቅ እንደሆነ እንጃ። ጊታር ሲሉህ ደረት ላይ የሚታቀፍ ነገር ነው የሚመጣብህ። ይሄ አይታቀፍም። አራት የብረት እግር ያለው ጠባብ ጠረጴዛ ነው፤ ላዩ ላይ አሥር ክር ተወጥሯል፤ ከሆዱ ሥር ቀጫጭን ዘንጎች ተጠላልፈዋል፤ ከታች ፔዳሎች አሉት፣ ከጎንና ከጎን ደግሞ በጉልበት የሚገፉ ብረቶች። ወንበር ላይ ትቀመጥና እግርህን ከሥሩ ታስገባለህ። ከዚያ በኋላ ያለው ፍዳ ነው።

ቤታችን የገባው ከሰውዬው ጋር ነው። ሰውዬው የምለው የእንጀራ አባቴን ነው። ስም ነበረው፤ እኔ ግን በስሙ ጠርቼው አላውቅም። አባቴ የሞተው ገና ትንሽ ልጅ እያለሁ ነው፤ እማዬ አጠና ተራ ቀለምና ሚስማር የምትሸጥባትን ሱቅ ይዛ ብቻዋን አሳደገችኝ። ከዚያ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ ቤት በዋልኩበት ዓመት፣ ሰው ሁሉ "ምን አሰብሽ?" እያለ በሚያሰቃየኝ ጊዜ፣ እማዬ አንድ ረጅም፣ ከንፈሩ የማይላቀቅ የሆቴልና የሠርግ ባንድ ሙዚቀኛ አገባች። ሻንጣው አንድ ነበር። ከሻንጣው ጋር ግን ሬሳ ሳጥን የሚያህል ጥቁር ሳጥን ተሸክሞ መጣ። ጊታሩን ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ሚሲዮናዊ ላይ እንደገዛውና በከተማው እሱን የሚጫወት ሰው ፈልጎ እንዳጣ በኩራት ነገረን። ማንም አልጠየቀውም ነበር።

ሳሎናችን ውስጥ ብርሃን የሚገባባት አንዲት መስኮት ብቻ ነበረች። ከመስኮቷ ሥር አባቴ አናጢ ጠርቶ ያሠራልኝ የማጥኛ ጠረጴዛ ነበረኝ። አንድ ቀን ከውጭ ስገባ ጠረጴዛዬ ኮሪደር ላይ ወጥቶ ሽንኩርት ተደርድሮበታል፤ በቦታው ያ የብረት አልጋ ተገትሯል። የብረት አልጋ ያለችው እማዬ ናት። እሷም አልወደደችውም፤ ግን አዲስ ሙሽራ ናትና ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ዝምታዬ ግን የሙሽራ ዝምታ አልነበረም።

እኔ ደግሞ የራሴ መሣሪያ ነበረኝ፤ አንቱታ። በእኛ ሰፈር ልጅ አባቱን "አንተ" ነው የሚለው፣ እርስዎ የሚባለው ሽማግሌና እንግዳ ነው። ሰውዬውን ገና ከገባበት ቀን ጀምሮ እርስዎ አልኩት። "እርስዎ፣ ምሳ ቀርቧል።" "እርስዎ፣ በሩን ይዝጉት።" ለሰሚው ጨዋነት ይመስላል። እሱ ግን አጥር መሆኑን ያውቅ ነበር፤ በተናገርኩት ቁጥር መንጋጋው ትንሽ ይጠብቃል። እማዬ አንዴ ወጥ ቤት ጠርታ "ምነው፣ እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር ታወሪዋለሽ?" ብላኛለች።

ጊታሩን የነካሁት በክፋት ነው። ሰውዬው ወጥቶ ነበር። ተቀመጥኩና ያንን የአውራ ጣት ውፍረት ያለውን ለስላሳ ድፍን ብረት በግራ እጄ አንስቼ ክሮቹ ላይ ጫንኩት። ቀዝቃዛ ነው፤ ከሚገባው በላይም ከባድ። በቀኝ እጄ ክሩን ስመታው የወጣው ድምፅ ጅራቷን የረገጡባት ድመት ነበር። አጥራችንን የሚጋሩት ጎረቤታችን፣ ብርድ ልብስ ነጋዴው ሐጂ፣ ከግንቡ ወዲያ "አንቺ ልጅ፣ ያ ነገር ታሟል እንዴ?" ሲሉ ሰማኋቸው። መሳቅ አማረኝ። ቀና ስል ሰውዬው በሩ ላይ ቆሟል።

"ተነሺ ከላዩ።"

"ምን አደረግኩት?"

"ይሄ ዕቃ ላንቺ አይደለም። ከባድ ነው።"

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ተነስቼ እሄድ ነበር። እሱ ግን ጨመረበት። "አንቺ እዚህ ቤት ውስጥ ጀምረሽ የጨረስሽው ነገር አላየሁም" አለኝ።

የፈተናው ውጤት ከመጣ ገና ጥቂት ወራት ነበር። "እንግዲያው ያስተምሩኛ" አልኩት። ልመና አልነበረም፤ ድንጋይ ነበር የወረወርኩት። ሳቀ። ሰውዬው ሲስቅ ጥርሱ አይታይም። "መሰንቆ የሚመታ ሰው አንድ ክር ይዞ ዕድሜውን ይጨርሳል። አንቺ አሥር ይዘሽ በአንድ ክረምት ልትወጪው?" አለኝ።

እንዲህ ተጀመረ።

መጀመሪያ ሰሞን ክር መምታት ከለከለኝ። ብረቱን ብቻ መያዝ፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ፣ ሳይንቀጠቀጥ ማንሸራተት። ከኋላዬ ተቀምጦ የአሮጌ ሬዲዮ አንቴና ይዟል። ክርኔ ሲወጣ ክርኔን፣ ጉልበቴ ሲከፈት ጉልበቴን በአንቴናው ጫፍ ነካ ያደርገኛል። አያምም። ከሚያም ነገር ይልቅ ግን ያናድዳል። ጊታሩ አንገት ላይ የተሳሉ መስመሮች ነበሩ፤ ብረቱን እነሱ ላይ እያየሁ ለማቆም ስለማመድ አየና በሚቀጥለው ቀን በፕላስተር ሸፍኗቸው አገኘኋቸው።

"በምን ልወቅ ታዲያ?"

"ጆሮ የለሽም?"

ችግሩ ምን መሰለህ? ፒያኖ ላይ ብትሳሳት የነካኸው የተሳሳተው ቁልፍ ራሱ ንጹሕ ድምፅ አለው። የተለመደው ጊታር ላይም ጣትህን የሚያቆምልህ ብረት አለ። እዚህ ግን የሚያቆምህ ነገር የለም፤ በእጅህ የያዝከው ብረት በፀጉር ስፋት ካነሰ ድምፁ ይኮመጥጣል፤ በፀጉር ስፋት ካለፈ ይቆረቁራል። ይሄ ገና ግራ እጅ ነው። ቀኝ እጅህ ሦስት ጣት ላይ ጥፍር የመሰለ ቆብ አጥልቆ ክር ይመርጣል፤ በዚያው እጅ ጎን ደግሞ ያለፈውን ድምፅ ታፍናለህ፣ አለዚያ ሁሉም አንድ ላይ ይጮህና ገበያ ይሆናል። ግራ እግርህ ፔዳል ይረግጣል፤ ሲረግጥ የአንዱ ክር ድምፅ ይወጣል፣ የሌላው ባለበት ይቀራል። ጉልበቶችህ ወደ ጎን ብረት ይገፋሉ፤ ሲገፉ ሌላው ክር ይወርዳል። ቀኝ እግርህ የድምፁን መጠን ያሳድጋል፣ ይቀንሳል። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ነው። ሁለት እጅ፣ ሁለት እግር፣ ሁለት ጉልበት፣ ሁሉም የየራሱን ሥራ እየሠራ፣ ፊትህ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ መምሰል አለበት። አንዱን ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል። እግሬን ሳስብ እጄ ይደነዝዛል። ስንት ጊዜ ተነስቼ በእርግጫ ልጥለው እንደቃጣኝ አትጠይቀኝ።

"ድምፁ ወርዷል" ይላል ከኋላ። "አሁን ወጥቷል።" "እሱን አፍኚው። አፍኚው እንጂ!" ደግሞ ሌላ ቀን፣ "ድምፅማ ማንም ያወጣል፤ በርሜልም ቢመቱት ይጮሃል። ሙያው ማፈኑ ላይ ነው።"

አንድ ቀን እንኳ "ጎበዝ" አላለም። እኔም አንድ ቀን እንኳ "አመሰግናለሁ" አላልኩም። እማዬ ከሱቅ ደክሟት ስትገባ ሁለታችንም ተኮራርፈን ታገኘናለች፤ እኔ መስኮት መስኮት፣ እሱ ግድግዳ ግድግዳ እያየን። "ኧረ እናንተ ሰዎች፣ በማን ቤት ነው የምትጣሉት?" ትል ነበር። ለአንዳችንም ወግና አታውቅም። ያኔ ይሄ ያበሳጨኝ ነበር፤ ለኔ እንድትወግን እፈልግ ነበራ።

ለማን እንደምማር ካሰብከው የሚገርም ነገር ነው። ሙዚቃውን አልወደድኩትም። ሰውዬውን አልወደድኩትም። ጊታሩን ደግሞ እንደ ሰው ጠላሁት፤ ዘንጎቹ የሚቀቡትን የስፌት መኪና ዘይት፣ ቅጭልጭልታቸውን፣ የጥፍር ሥጋዬን የሚቆርጠውን ቆብ። ግን በየቀኑ፣ እሱ ሲወጣም ሲገባም፣ እዚያ ወንበር ላይ ነበርኩ። ጥላቻ እንደዚያ ያለ የሥራ ጉልበት እንዳለው ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ፔዳሉን በንዴት ስረግጠው ቀጭኑ ክር ተበጠሰና ጉንጬን ገረፈኝ። ጮህኩ። ሰውዬው ከጓሮ ሮጦ መጣ፤ ጎንበስ ብሎ ያየው ግን ክሩን ነው። "ከየት ላምጣ አሁን?" አለ፣ የተበጠሰውን ጫፍ በሁለት ጣቱ ይዞ። ጉንጬ ላይ ደም እንዳለ እንኳ ያየ አልመሰለኝም። ፊቴን ታጥቤ እስክመለስ ድረስ ከተራ የጊታር ክር አንዱን ቆርጦ ተክቶለት ነበር። የዚያን ቀን ስድብ አላወጣሁም፤ ስድብም የሚበቃኝ አልነበረም።

በማግስቱ ከሰዓት ስቀመጥ ግን አንድ ነገር ተለውጧል። ሰውዬው ረጅም ነው ብዬሃለሁ፤ ጊታሩም በእሱ ቁመት ልክ የቆመ ነበር፤ ጉልበቴ ብረቶቹ ጋ እንዲደርስ እኔ ወንበሬ ላይ ትራስ ደርቤ ነበር የምቀመጠው። ያን ቀን ጉልበቴ ያለትራስ ደረሰ። አራቱም እግሮች ዝቅ ብለዋል፤ የፔዳሉ ዘንጎች አጥረዋል፤ የጉልበቱ መግፊያ ወደ እኔ ቀርቧል። ከዚያ ወዲያ እሱ ለሥራው ሲለማመድ እንደታጠፈ ሰው ጎብጦ፣ ጉልበቱ ከሥር እየተጋጨበት ሲጫወት አየው ነበር። ወደ ነበረበት አልመለሰውም። እኔም ያየሁ አልመሰልኩም።

ከዚያ ሠርጉ መጣ። የእማዬ የአክስት ልጅ ሴት ልጇን ስትድር ዓለም ባንክ ሰፈር አንድ አዳራሽ ተከራዩ፤ ባንዱ የሰውዬው ባንድ ሆነ። እማዬ እኔም አንድ ዘፈን እንድጫወት ፈለገች። ዘመድ አዝማድ "ያቺ ልጅ ምን ሆነች?" እያለ ያስጨንቃት ስለነበር አንድ ነገር እንደያዝኩ ልታሳይ ነው። ሰውዬው "አልደረሰችም" አለ።

"አንተ ስትደርስ ማን ጠይቆህ ነበር?" አለችው እማዬ።

ሰውዬው ጊታሩን ወደ ሳጥኑ ሲያስገባ ክዳኑን ጥሎ ዘጋው።

አዳራሹ ይሞቅ ነበር። የአበባ፣ የሽቶና የክትፎ ሽታ ተቀላቅሎ ጭንቅላት ይመታል። መድረኩ ከሳንቃ የተሠራ ነው፤ ሰው ሲጨፍር ከሥሬ ይነሳል፣ ይወርዳል፤ ፔዳሎቹም አብረውት። ድምፄ የሚወጣበት ስፒከር ወደ ሕዝቡ ስለዞረ እኔ የምጫወተውን እኔ አልሰማውም። ኪቦርዱ ገባ፤ ቤዝ ጊታሩ ገባ፤ እኔም ገባሁ። ብረቱን አንሸራተትኩና የምጠብቀው ቦታ ላይ አቆምኩት። ዓይኔ ትክክል ነሽ ይለኛል። ሙሽሪት ወደ እኔ እያየች ስትስቅ አስታውሳለሁ፤ እጄ ላብ በላብ ሆኖ ብረቱ ሲያዳልጠኝም። ሁለተኛው ዙር ላይ ስደርስ ሰውዬው ከመድረኩ ጥግ ተነስቶ በኋላዬ ሲያልፍ አየሁ። ጎንበስ አለ። የኔን ስፒከር ቁልፍ እስከ መጨረሻው ወደ ግራ አዞረና ዘጋው።

እጄ ግን አላቆመም። ማቆም እንዴት ይቻላል፣ ሰው እያየ? ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ ድምፅ የሌለው ጊታር ስመታ፣ ፔዳል ስረግጥ፣ ጉልበቴን ስገፋ ቆየሁ። እንግዶቹ ይጨፍራሉ። ማንም ልዩነቱን አላወቀም። እማዬ ከፊት ተቀምጣ በኩራት ታጨበጭብልኛለች።

ከጓሮ በኩል፣ ጄኔሬተሩ ጋ ደረስኩበት። ሲጋራ እየለኮሰ ነበር።

"ምን አድርገህ ነው! ለምን ዘጋህብኝ?"

"ድምፁን ሰምተሽዋል?"

"ማንም አልሰማም! አንድም ሰው አልሰማም!"

"እኔ ሰማሁ።"

"አንተ ማነህ? አንተ ለኔ ምኔ ነህ?" አልኩት። ብዙ ብዙ ነገር አልኩት፤ የጄኔሬተሩ ጩኸት ግማሹን በልቶታል። እሱ ሲጋራውን አንድ ጊዜ ሳበና ወደ መሬት እያየ፣ "ዛሬ ገና አንተ አልሽኝ" አለ። ሲጋራውን ረግጦ አጠፋና ወደ አዳራሹ ተመለሰ። እኔ እዚያው ቀረሁ፣ የመለሰልኝ ነገር ስድብ ይሁን ሌላ ነገር ሳይገባኝ።

ከዚያ በኋላ ጊታሩን አልነካሁትም። እሱም ነይ አላለኝም። ቤቱ ውስጥ እንደ ሁለት ተከራይ ተላለፍን። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ እሱና እማዬ መስማማት አቃታቸው። ምክንያቱ እኔ አልነበርኩም፤ ወይም እኔ ብቻ አልነበርኩም። እሱ ለሥራ ብሎ እየወጣ ይጠፋል፤ እማዬ ደግሞ አንዴ ብቻዋን መኖር የለመደች ሴት ናት፤ ባል ስትጠብቅ መዋል አልሆነላትም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሻንጣውን ይዞ ወጣ። ሳንሱሲ ሰፈር፣ እህቱ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ነበረችው። እማዬ በሩ ላይ ቆማ ሳሎኑን በአገጯ አመለከተችው።

"ይኼስ? የብረት አልጋህስ?"

"ተዪው። እግሩ አጥሮብኛል።"

"ሠርግ ላይ ምን ልትጫወት ነው ታዲያ?"

"አሁን ሁሉም ኪቦርድ ነው የሚፈልገው። ቤዝ እይዛለሁ።"

ሲሄድ ወደ እኔ አላየም። እማዬ ቀኑን ሙሉ "ክፍሌን አጣቦብኝ ሄደ" እያለች ስትነጫነጭ ዋለች። እኔም ማታ እስኪሆን ሳልጠብቅ እዚያው በጠዋቱ፣ በሩ ገና ከመዘጋቱ፣ ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ። ልንገርህ፣ ናፍቆት አልነበረም። እልህ ነበር። ይሄ ሰው አንድ ቀን የኔን ድምፅ ሰምቶ የሚለው ነገር እንዲያጣ ፈለግኩ። ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

ያንን ዓመትና የሚቀጥለውን በእልህ ተማርኩ። ጠዋት እማዬን ሱቅ አግዛለሁ፤ ከሰዓት ተመልሼ እቀመጣለሁ። ፕላስተሩን ከጊታሩ አንገት ላይ አላነሳሁትም። ከስልክ ላይ ፈረንጆች ሲጫወቱ አያለሁ፤ እነሱ እየሳቁ ነው የሚጫወቱት፣ ያም ያናድደኛል። ብረቱ ለወራት ያው ነው፤ ያው ኮምጣጣ፣ ያው ግትር። ጉልበቴ በውጭ በኩል በልዞ ነበር። ከዚያ አንድ የክረምት ከሰዓት፣ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲንጣጣ ቆይቶ ድንገት ቀጥ ባለበት ቅጽበት፣ ሁለት ክር አብሬ መታሁ፤ አንዱን ባለበት ይዤ ሌላውን በፔዳሉ ቀስ እያልኩ ወደ ላይ አመጣሁት። ሄደና ከጓደኛው ጎን ቆመ። ምንም ንቅናቄ የለውም። እንደዚያ ያለ ልክ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ሰውነቴ ሁሉ ጸጥ አለ። ደገምኩት። አሁንም ቆመ። ወደ ትዝታ ቅኝት ወሰድኩት፤ መጣልኝ።

ከግንቡ ወዲያ ሐጂ "ዛሬ ዳነ እንዴ?" ብለው ተጣሩ።

በማግስቱ በስልኬ ቀዳሁትና ሳንሱሲ ሄድኩ። ላሸንፈው ነው የሄድኩት፤ ይሄን እንድታውቅልኝ እፈልጋለሁ። ግቢው በር ላይ እህቱ ተቀበለችኝ። "አሞታል፤ ብዙ አታስወሪው" አለችኝ። ሰውዬው ፀሐይ ላይ ወንበር ወጥቶለት፣ ጋቢ ተደርቦለት ተቀምጧል። ኩላሊቱ ነበር አሉ። ያ ሁሉ ቁመት እንደ ማጭድ ጎብጧል። ሲያየኝ አልተገረመም።

"ምን ፈለግሽ?"

"ስማ" ብዬ ስልኩን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

ጆሮው ላይ ለጠፈው። ዓይኑን ጨፈነ። ከግንቡ ውጭ ሕፃናት ኳስ ይጫወታሉ፤ አንዱ ግብ ነው፣ ሌላው አይደለም እያሉ ይጨቃጨቃሉ። እኔ ቆሜ ከንፈሩን አያለሁ። እስከ መጨረሻው ሰማና ስልኩን መለሰልኝ።

"ማለቂያው ላይ ወርደሻል።"

"ምን?"

"ማለቂያው ላይ። መጨረሻዋ ድምፅ ላይ ቸኮልሽ። ወርዳለች።"

ያለውን ሁሉ ጨምሬ ብነግርህ ይኸው ነው። ሁለት ዓመት! ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ወርውሬ፣ ደህና ሁን እንኳ ሳልል ወጣሁ። ሚኒባሱ በአስኮ በኩል ሲወርድ የጆሮ ማዳመጫዬን ሰክቼ ልሰማው ፈለግኩ፤ ውሸታም መሆኑን ላረጋግጥ። ሰማሁ። እንደገና ሰማሁ። ረዳቱ ሒሳብ ሲለኝ አልሰማሁትም፤ ጎኔ የተቀመጠች ሴትዮ ናት የነካችኝ። አሥራ ስምንት ማዞሪያ ስንደርስ ገባኝ። ወርዳለች። የፀጉር ታህል፣ ከፀጉርም ያነሰች፣ ግን ወርዳለች። ያ በሽተኛ ሰውዬ፣ በተሰነጠቀ ስልክ፣ በሕፃናት ጫጫታ መሃል ሰምቷታል።

አሁን ሠርግ ላይ እጫወታለሁ፤ ስቱዲዮም ይጠሩኛል። ስወርድም ስወጣም ሰው ያጨበጭባል፤ ኪቦርዲስቶቹ አውራ ጣታቸውን ያነሱልኛል። በዚህ ከተማ ውስጥ "ወርደሻል" የሚለኝ ሰው የለም። አንዳንዴ ከመድረክ ስወርድ የምቆጣው ሰው አጥቼ ከራሴ ጋር እጣላለሁ።

ያን ቀን ከሳንሱሲ ስመለስ ያንን ማለቂያ ይዤ ተቀመጥኩ። ቀን በቀን እሷኑ ብቻ፤ ብረቱ ወደ መጨረሻው ሲሄድ እንዳይቸኩል። ሲሆንልኝ ተመልሼ እሄዳለሁ ብዬ ነበር። እየሆነልኝ ነበር። አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ለአንድ ግንበኛ ሚስማር እየመዘንኩ የእማዬ ስልክ ጮኸ። አነሳችው። "እሺ" አለች። "እሺ" አለች። ከዚያ ነጠላዋን ከመንጠቆው ላይ አውርዳ ጠርዙን ወደ ላይ አድርጋ አዘቅዝቃ ለበሰችው። ጠርዙን ሳይ ገባኝ።

ሳንሱሲ ድንኳን ተተክሏል። እማዬ ሴቶቹ ጋ ገባች፤ ምንም ይሁን ምን ባሏ ነበርና አብራቸው አለቀሰች። እኔ የትኛው ጋ እንደምቀመጥ አላወቅኩም። ሴቶቹ መሃል ቤተዘመዱ ነው፤ ቤተዘመድ አይደለሁም። በድንኳኑ ጥግ አንድ አግዳሚ ላይ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ኮታቸው ያረጀ ወንዶች ተደርድረዋል። ጣታቸውን ሳይ ማን እንደሆኑ አወቅኩ፤ አንዱ ጉልበቱ ላይ ሳያውቀው ቤዝ ይመታል። ሄጄ ከፊታቸው ቆምኩ። ቤዝ የሚመቱት ሽማግሌ ቀና ብለው አዩኝ።

"ልጄ፣ የሟች ምኑ ነሽ?"

ልጁ ልል አልቻልኩም። የእንጀራ ልጁ ማለት ደግሞ በዚያ ሰዓት አፌ ላይ ከበደኝ። አጠገቡ የኖርኩበትን ጊዜ ሁሉ በአንድ ቃል ጨምቆ የሚይዝልኝ ነገር ስፈልግ ሳላስበው ወጣ።

"ተማሪው ነኝ።"

ሽማግሌው ጣታቸውን አቆሙ።

"እንግዲያውስ ብዙ ተሰድበሻል" አሉኝ።

አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ ሳቁ፤ በለቅሶ ቤት እንደሚሳቀው፣ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሳቁ ሄደ ሄደና ማቆም አቃተኝ፤ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ሽማግሌው ጎናቸው ያለውን ሰው በክርናቸው ገፋ አድርገው ጠጋ አሉና ቦታ ለቀቁልኝ።